ፈረስ ጉልበቱን ተዉት፣ ክብደቱን ጠይቁ፦ ለትንሽ መሬት የሚሆን ትራክተር

ትንሽ ትራክተር ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ፈረስ ጉልበት አለው ብሎ ነው። ሻጭም ይሄን ጥያቄ ይወደዋል፣ ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው እሱ ስለሆነ። ጥቂት ሄክታር ላለው ሰው ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ስንት ኪሎ ይመዝናል? መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል ወይ? ከኋላው ምን ምን ይገጠምለታል? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ለምን ክብደት? ትራክተር የሚጎትተው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ሲይዝ ነው። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢያጓራ፣ ማሽኑ ቀላል ከሆነ ማረሻው ጠንከር ያለ አፈር ሲያገኝ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። ጆን ዲር 1025 አርን ውሰዱ። ወደ 24 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ግን ባዶውን 700 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሣር ለማጨድ፣ ጠባብ ቦታ ገብቶ ለመዞር፣ ከፊት በተገጠመ ባልዲ አፈርና ፍግ ለማመላለስ ቆንጆ ነው። አንዱን ፔዳል ስትረግጡ ወደፊት፣ ሌላውን ስትረግጡ ወደኋላ፣ በየደቂቃው ማርሽ መቀያየር የለም። ታርሶ የማያውቅ መሬት ለመገልበጥ ግን አልተሠራም።

ኩቦታ ኤል 2501 ወረቀት ላይ ከሱ ብዙም አይለይም፣ ወደ 25 ፈረስ ጉልበት ነው። ክብደቱ ግን ከአንድ ቶን በላይ ነው፣ ሞተሩም ባለ 1.6 ሊትር ናፍጣ። ሁለቱን አንድ ማሳ ላይ ብታሰማሯቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። አዲስ የመግዛት አቅሙ ኖሮኝ አንዱን ምረጥ ብባል ኤል 2501ን ነው የማነሳው፣ ያውም በማርሽ የሚሄደውን። በፔዳል የሚነዳው፣ ሃይድሮስታቲክ የሚሉት ማለት ነው፣ ባልዲ ይዞ ወዲህ ወዲያ ለሚል ሰው እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ከሞተሩ ጉልበት የተወሰነው መንገድ ላይ ይባክናል፣ ከተበላሸም ጥገናው ኪስ ያራቁታል።

አዲስ የማይታሰብ ከሆነስ? የኔ መልስ ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ ላይ የወጣ ትራክተር ነው፣ እና አዎ፣ አርጅቷል። ግን ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ወደ 45 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል፣ ክብደቱም ወደ አንድ ቶን ተኩል ይጠጋል። ኮምፒዩተር የለው፣ ሴንሰር የለው። መፍቻ የያዘ ደህና መካኒክ የትም ይሠራዋል፣ መለዋወጫውም ዛሬ ድረስ ይመረታል። በተለይ ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ያለውን ፈልጉ። ግማሽ ስትረግጡት ትራክተሩ ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ማጨጃ ግን መዞሩን አያቋርጥም። እስከ ታች ስትረግጡት ሁሉም ይቆማል። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ ስትገቡ የዚህ ጥቅም ይገባችኋል።

እንከኑንም ልንገራችሁ። የሚጎትተው በኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ ጭቃ አይወድም። ብዙዎቹ መሪያቸው ከባድ ነው፣ ፊቱ ላይ ባልዲ ከተጨመረ ትከሻ ያዝላል። ከኋላ አክሱል የሚያፈስ ዘይት ፍሬኑን ያበላሻል። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ አሮጌዎቹ ላይ ቢገለበጥ ነጂውን የሚያድን የብረት ፍሬም አለመኖሩ ነው። የሌለውን ከገዛችሁ ፍሬምና ቀበቶ ማስገጠሚያውን ከዋጋው ጋር ደምሩት፣ ይሄ ላይ ቁጠባ አያዋጣም።

ከሱም የሚያረጅ አለ። ፎርድ 8 ኤን እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 የተሠራ የቤንዚን ትራክተር ነው፣ መልኩም ያምራል። ግን ፍሪሲዮኑን ስትረግጡ ከኋላ የሚሽከረከረው ማጨጃ በራሱ ግፊት ትራክተሩን ወደፊት ይነዳዋል። አጥር ሥር ሆናችሁ አስቡት። ይህን የሚከለክል ማያያዣ አለ፣ እሱ ሳይገጠም በማጨጃ አትሥሩበት።

በእጅ ተይዞ ከኋላው እየተራመዱ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማስ? ለጓሮ አትክልት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወገብ ይፈታል። ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የሚመጡት ትንንሾቹ ያንማርና ኢሴኪ ጠንካራ ናቸው፣ ግን አንዳንዱ ሞዴል ከጃፓን ውጭ ተሸጦ አያውቅም። የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ መለዋወጫ ሻጭ ጋ ሂዱና ፊልትሮና የፍሪሲዮን ሸራ ጠይቁ። ሻጩ የለም ካለ ትራክተሩን እርሱት።

አሁን ወደ ኋላው እንሂድ። ዕቃ የሚያነሱት ሁለት ክንዶችና ከላይ ያለው አንድ ዘንግ የሃሪ ፈርጉሰን ሥራ ናቸው፣ ዛሬ ሁሉም ትራክተር ማለት ይቻላል እሱን ነው የሚከተለው። ለትንሽ መሬት የሚያስፈልጋችሁ ምድብ አንድ የሚባለው የመግጠሚያ መጠን ነው፣ የታችኞቹ ክንዶች ፒን ወደ 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19። ዕቃ የሚያዞረው ዘንግ ደግሞ በደቂቃ 540 መዞር አለበት። እነዚህ ከተሟሉ ከማንም ያገለገለ ማረሻ፣ ማጨጃ፣ መዳመጫ ገዝታችሁ ትገጥማላችሁ። አንዳንድ በጣም ትንንሽ ማሽኖች የራሳቸው መጠን ስላላቸው የኩባንያው ዕቃ ምርኮኛ ትሆናላችሁ። ሰንሰለት ስትጎትቱ ደግሞ ሁሌም ከታች ካለው መጎተቻ ብረት እሰሩ፣ ከላይኛው ዘንግ በፍጹም። ፊቱ ተነስቶ ወደኋላ ይገለበጣል፣ ለመዝለል እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ያገለገለ ልታዩ ስትሄዱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቅ ካለ ቀድሞ ተነስቷል፣ ማለትም በቀዝቃዛው አልነሳ ይል ይሆናል። የዘይት መለኪያውን አውጡ፣ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፣ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። ከተነሳ በኋላ ጭሱን እዩ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፣ ሞቆም ነጭነቱ ካልጠፋ የናፍጣው ፖምፓ ወይም የቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ነገር ያጠራጥራል። ሰዓት ቆጣሪውን አትመኑ፣ ይቀየራል። የፔዳሉን ጎማና የመጎተቻውን ቀዳዳ ነው ማየት። ቆጣሪው ትንሽ ሰዓት እያሳየ ቀዳዳው እንቁላል ቅርጽ ከያዘ ብረቱ ነው እውነቱን የሚናገረው።

ከዚያ ከባድ ዕቃ አስነሱና ሞተሩን አጥፉ። ክንዶቹ ወዲያው ከወረዱ በዘይት ግፊት የሚያነሳቸው ሃይድሮሊክ ደክሟል። በየማርሹ ዳገት አስወጡት፣ ማርሽ የሚተፋ ከሆነ ካምቢዮ መክፈት ሊመጣ ነው። የኋላ ጎማ ዋጋም ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ጥንዱ ያለቀ ከሆነ ከሻጩ ጋር መከራከሪያችሁ እሱ ነው።