ለመኪና አጠባ ውሃ፦ የፕላስቲክ ሜምብሬን ወይስ የሴራሚክ?

ፒያሳ፣ አንድ መኪና አጠባ ደጃፍ። ቦዩ ላይ ዘይቱ ቀስተ ደመና ሠርቷል። የሚንሳፈፈውን መቅዳት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ከሳሙና ጋር የተዋሃደው ነው፤ ጠብታው ከ10 ማይክሮን (ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ) ሲያንስ ብዙ ቢጠብቁትም አይንሳፈፍም። ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃውን አሳልፎ ዘይቱን የሚያስቀር ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የፕላስቲኩ፣ ማለትም ፒቪዲኤፍ፣ ርካሽ ነው። ግን በባሕርዩ ዘይት ይስባል፤ ቶሎ ይደፈናል። ውሃ ወዳድ ሽፋን ሲደረግለት ይሻለዋል። ጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ (ቅባት የሚያስለቅቅ ኬሚካል) ግን ይጎዳዋል።

ሴራሚኩ ውሃ ይወዳል። በውሃ የራሰ እጅ ላይ ቅቤ እንደማይጣበቅ ሁሉ፣ ስስ የውሃ ሽፋን ዘይቱን ያርቅለታል። ቢደፈንም በትኩስ ሶዳ ይታጠባል። ዋጋው ግን ኪስ ያራግፋል፤ ከእጅ ካመለጠም ይሰበራል።

እኔ ብሆን ለትንሽ አጠባ ቤት ሽፋን ያለውን ፕላስቲክ፣ ቀኑን ሙሉ ሞተር ለሚያጥብ ጋራዥ ሴራሚኩን እመርጣለሁ። ጭቃው ግን አስቀድሞ ይጣራ፤ አለዚያ ሁለቱም አይችሉትም።