ባለ ጃንጥላው ራፖር ጸሐፊ

ሰው ምግብ ቤት ይገመግማል፣ ሆቴል ይገመግማል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ድሬዳዋ ፍርድ ቤት አካባቢ ኒም ዛፍ ሥር ስለሚቀመጡ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስለሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ራፖር ጸሐፊ ነው። ሰሌዳ የላቸውም። ያላቸው አንድ ጎኗ የተቀደደ ጥቁር ጃንጥላ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማና ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው የሚጫኑበት ድንጋይ ነው።

እሳቸው ጋ ያደረሰኝ ነገር እንዲህ ነው። አባቴ ሲያርፍ ባንክ ውስጥ ጥቂት ብር ነበረችው። ለመውሰድ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት ያስፈልጋል። ችግሩ እኛ ቤት ወረቀት የሚባል ነገር የለም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ሲመጣ የልደት ካርዴን፣ የእናትና አባቴን የጋብቻ ወረቀት፣ የሠርግ ፎቷቸውን ሳይቀር ጠርጎ ወስዶታል። የተረፈው አባቴ ኪስ ውስጥ የነበረው የምድር ባቡር መታወቂያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ኤሲ ያለው የጽሕፈት ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም። ልጁ ትሁት ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። 400 ብር ከፈልኩ፣ በሃያ ደቂቃ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ሰጠኝ። ሳነበው ግን የማታ ዜና የምሰማ መሰለኝ። የአባቴ ልጅ መሆኔን «እገልጻለሁ»። ከእኔና ከሁለት ወንድሞቼ ሌላ ወራሽ እንደሌለ «አስታውቃለሁ»። ወረቀታችን በጎርፍ መወሰዱን «እጠቁማለሁ»። ሟች አባቴ መሆኑን «አምናለሁ»። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ቶሎ እንዲወስንልኝ «አሳስባለሁ»።

«ለምን ቀያየርከው?» አልኩት።

«እናቴ፣ አንድ ቃል ሲደጋገም ያስጠላል» አለኝ።

እውነት ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ተማሪ ሳለን አስተማሪዎቻችን ቃል አትድገሙ ይሉን አልነበር? መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አንብባ ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። «ፍርድ ቤቱን ነው የሚያሳስቡት?» ብላ መለሰችልኝ። ሥር ላይ ማረጋገጫም የለውም አለች።

ስወጣ ነው ጃንጥላዋን ያየኋት።

«ጋሼ፣ ይችን ይዩልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ከሸሚዝ ኪሳቸው አወጡ፣ በሸሚዙ ጠረጉት፣ እስክሪብቶ አነሡና ግሦቹን አንድ በአንድ ማክበብ ጀመሩ።

«‹እጠቁማለሁ›? ጥቆማ ለፖሊስ ነው ልጄ። ሌባ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

ሠረዙት። «‹አስታውቃለሁ›። ነገ ውኃ ይቋረጣል ብሎ የሚያስታውቅ መሥሪያ ቤት ነው። አንቺ መሥሪያ ቤት ነሽ?» ሠረዙት። «‹አሳስባለሁ›። አለቃ ነው ሠራተኛውን የሚያሳስብ። ዳኛ ይጠየቃል እንጂ አይታሰብም።» እዚህ ላይ ራሳቸውም የተናገሩት አሻሚ ሆኖባቸው ሳቁ።

«አምናለሁ» ላይ ሲደርሱ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «በዚህ ግቢ ‹አመነ› የሚባለው ተከሳሽ ነው። አባትሽን የምታምኚ ወይም የምትክጂ ጉዳይ አይደለም። ልጁ ነሽ፣ አለቀ። ‹ልጁ ነኝ› በይ።» እኔ እስከዚያ ቀን «አምናለሁ» ጠንካራ ቃል ይመስለኝ ነበር። ለካ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ነው የሚጠነክረው።

«እገልጻለሁ»ን ብዙም አልጠሏትም። «አትጎዳም፣ አትጠቅምም» አሉና አለፏት።

በምትኩ ያስገቡልኝ ቃል «አስረዳለሁ» ነው። ማብራራት መስሎኝ ምን ቀረኝ የማብራራው አልኩ። «እዚህ ማስረዳት ማውራት አይደለም። ማስረጃ የሚለው ቃል ከየት የመጣ ይመስልሻል? ሌሊቱን ሙሉ ብታወሪ ምስክር ካላቀረብሽ ‹አላስረዳችም› ትባያለሽ።» ከዚያ ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሑፍ፦ ልጁ መሆኔን በሰው ምስክር አስረዳለሁ።

ሥር ላይ አንድ መስመር ጨመሩ። ያቀረብኩት እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ። ሕጉ የ1958 ነው፤ ይቺን መስመር ግን በቃላቸው ነው የሚያውቋት። «ከዚህች በታች ከመፈረምሽ በፊት ደግመሽ አንብቢ» አሉኝ። እኔም አነበብኩ። እንደዚያ ሲሉኝ ቃሉ ራሱ ዓይኔን ያዘው። «ረገጠ» አለበት እኮ ውስጡ። አስረግጦ ተናገረ እንል የለ? ሌሎቹን ቃላት ቆሜም ሄጄም ልላቸው እችላለሁ። ይቺን ለማለት ግን እግሬን መሬት ላይ ማሳረፍ ያለብኝ መሰለኝ። ፈረምኩ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሽማግሌው ቶሎ አይጨርሱም። ጠዋት 3 ሰዓት ተቀምጬ የተነሣሁት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ያስቆምኩት ባጃጅ ጥሎኝ ሄደ። ዋጋቸው 250 ብር ቢሆንም የሚጽፉት በእጅ ነው፣ ማስተየቢያ ሌላ ቦታ ለብቻ ትከፍላላችሁ። ቴሌብር አይቀበሉም። «ታማኝ አመልካችዎ» ምናምን የሚሉት የድሮ ማጎንበስም አለባቸው፤ ያንን እኔ ራሴ አስወጣሁት፣ ትንሽ ቅር አላቸው። የአያቴን ስም ደግሞ በአንድ ፊደል ስተውብኝ እንደገና አስተየብኩ። ስለ ግሥ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ስም ይስታል? ይስታል።

ከሁሉ የባሰው ከጎረቤታችን ከአዴ ጋር ያደረጉት ነው። አዴ ምስክሬ ናቸው፣ የምስክር ዝርዝሩን ለማስሞላት አብረውኝ ሄዱ።

«ልጁ መሆኗን ያውቃሉ?» አሏቸው።

«ወላሂ ልጁ ናት!»

«አይተው ነው ወይስ ሰምተው?»

አዴ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ወላሂ ካልኩ በኋላ ምን ቀረ?»

ልክ ናቸው። ድሬ ውስጥ ወላሂ ከተባለ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ይላታል፣ የቀፊራ ገበያ የሽንኩርት ዋጋ እንኳ በእሷ ነው የሚጸድቀው። ሽማግሌው ግን አልለቀቁም፤ ዳኛው የሚፈልገው ያዩትን ነው አሉ። በመጨረሻ አዴ «እምብርቷ ሲቆረጥ ፋኖሱን የያዝኩ እኔ ነኝ» አሉ፣ በቁጣ። ሽማግሌው «ይኸው! ይሄ ነው ምስክርነት» ብለው ጻፉ። ችሎት በገባን ቀን አዴን መጀመሪያ አስማሏቸው። ወጥተው «አላልኳችሁም? እዚያም ወላሂ ነው የተፈለገው» አሉኝ።

ወረቀቱ በሁለተኛው ቀጠሮ ወጣ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፤ አንዷን የያዝኳት በአያቴ ስም ምክንያት ነው። የምትሄዱ ካላችሁ በጠዋት፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት። ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱም አያስቀምጥ፣ ጃንጥላዋም ትታጠፋለች። ውኃ ያዙ። ዝርዝር ብርም ያዙ። አዴ ግን ስማቸው በተነሣ ቁጥር እስከ ዛሬ «ያ ወላሂ የማይገባው ሰውዬ» ነው የሚሏቸው።