ስልክን የቲቪ ሪሞት ማድረግ፦ ኢንፍራሬድ፣ ዋይፋይ ወይስ መተኪያ ሪሞት?

ሪሞት ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፕሌይ ስቶር ገብቶ «ቲቪ ሪሞት» ብሎ መፈለግ ነው። የአፕ መዓት ይመጣል፤ ሁሉም «ለማንኛውም ቲቪ» ይላል። አንዱ ይጫናል፣ አይሰራም። ሌላው ይጫናል፣ ማስታወቂያ ይደረድራል። በመጨረሻም ሰው «ስልክ ሪሞት ይሆናል የሚባለው ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። ውሸት አይደለም። ስልክ ከቲቪ ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፣ ኢንፍራሬድ እና ዋይፋይ። የትኛው ለቤታችሁ እንደሚሆን ሳታውቁ የምትጭኑት አፕም ሆነ የምትገዙት ስልክ ድካም ብቻ ነው የሚሆነው።

ለመምረጥ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ማታ ቤት ስትገቡ ቻናል የምትቀይሩት በየትኛው ዕቃ ነው፣ በቲቪው ወይስ በሪሲቨሩ? ዲሽ ባለበት ቤት ቲቪው ምስል ማሳያ ብቻ ነው። ኢትዮሳትም ሆነ ናይልሳት፣ ቻናል የሚቀየረውና የሚፈለገው በሪሲቨሩ ነው፤ ድምፁም ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው በዚያው ሪሞት ነው። ቤታችን ያሉት አብዛኞቹ ሪሲቨሮች ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበሉት በኢንፍራሬድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቲቪያችሁ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ የቲቪው የዋይፋይ አፕ ሪሲቨሩን አያዝም። ዩቲዩብና ፊልም በቀጥታ ከስማርት ቲቪው የምታዩ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚያስፈልጋችሁ አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ነው፣ ምንም አትገዙም።

ኢንፍራሬድ ያለው ስልክ

ይህ ስልክ የሚሰራው ልክ እንደ ሪሞቱ ነው። ዓይን የማያየው ብርሃን፣ በአብዛኛው በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ እየበራና እየጠፋ፣ ኮዱን ወደ ቲቪው ይልካል። ዋይፋይ አይፈልግም፣ ከቲቪው ጋር ማገናኘት አይፈልግም፣ ቲቪው ስማርት ይሁን አይሁን ግድ የለውም። ሳሎን ጥግ ላለው አሮጌ ባለ ትልቅ ጀርባ ቲቪም፣ ለሪሲቨሩም፣ ለዲቪዲውም አንድ ስልክ ይበቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቲቪውን በቀላሉ ያስነሳዋል።

ችግሩ ይህ ነገር ያለው ስልክ ጥቂት መሆኑ ነው። ሳምሰንግ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው ጋላክሲ ኤስ 4 ላይ አስገብቶት ነበር፤ በ2015 እስከ ወጣው ኤስ 6 ድረስ ቆየና ከኤስ 7 ጀምሮ ቀረ። አይፎንና የጎግል ፒክስል ስልኮች ለሪሞት የሚሆን ኢንፍራሬድ ኖሯቸው አያውቅም። አይፎን ፊት ለመለየት የሚጠቀምበት ኢንፍራሬድ ብርሃን ቢኖረውም ቲቪ ለማዘዝ አያገለግልም። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ስልክ በአብዛኛው ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ስለሚሆን በዚህ በኩል ተስፋ አታድርጉበት። ዛሬ ኢንፍራሬድን በብዛት የምታገኙት በሻዎሚ ስልኮች ላይ ነው፤ ብዙዎቹ የሬድሚ ኖትና የፖኮ ሞዴሎች አላቸው፣ በጣም ርካሾቹ ላይ ግን ሁልጊዜ አይኖርም። ቴክኖና ኢንፊኒክስም በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎቻቸው ላይ አስገብተዋል። «በአንዳንድ» የሚለው ይሰመርበት፤ በስም ብቻ አትግዙ።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትሹ። የስልኩን የላይኛ ጠርዝ እዩ፤ ኢንፍራሬድ ካለው ከማይክራፎኗ ቀዳዳ አጠገብ ጠቆር ያለች ትንሽ ክብ መስታወት ትታያለች። ከዚያ የስልኩን የሪሞት አፕ ክፈቱ (ሻዎሚ ላይ ሚ ሪሞት ይባላል)፣ ማንኛውንም የቲቪ ስም ምረጡና ማብሪያውን እየተጫናችሁ ያቺን ነጥብ በሌላ ስልክ የፊት ካሜራ ተመልከቱ። የሚሰራ ከሆነ በካሜራው ስክሪን ላይ ወይን ጠጅ ወይም ነጣ ያለ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል። የፊት ካሜራ ያልኩት ብዙ የኋላ ካሜራዎች ይህን ብርሃን ስለሚያጠሩት ነው። በነገራችን ላይ ቤት ያለውን «ሞተ» የተባለ ሪሞት በዚሁ ዘዴ ፈትሹት፤ አዲስ ባትሪ ከተደረገለት በኋላ ብርሃኑ ከታየ ሪሞቱ አልሞተም፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፣ ወደ ሪሲቨሩ። የታወቁ የቲቪ ስሞች ሁሉ አፑ ውስጥ አሉ፤ ሳምሰንግ፣ ኤልጂ፣ ሶኒ፣ ሃይሴንስ ወዲያው ይሰራሉ። የእኛ ገበያ ሪሲቨሮች ግን ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ብዙዎቹ ርካሽ ሪሲቨሮች የውስጥ ዕቃቸው ተመሳሳይ ስለሆነ የሌላ ሪሲቨር ኮድ ሊሰራላቸው ይችላል። አፑ «ይህን ተጫን፣ ሰራ ወይ?» እያለ አንድ በአንድ ያስሞክራችኋል፤ ትዕግስት ይጠይቃል። ማብሪያው ስለሰራ ብቻ «ተሳካ» አትበሉ። ቁጥሮቹን፣ ሜኑውን፣ መመለሻውንና ባለ ቀለም ቁልፎቹን ሞክሩ፤ አንዳንድ ኮድ ግማሹን ብቻ ነው የሚያዘው። የዛሬ ስልኮች ኢንፍራሬድ መላክ እንጂ ከአሮጌው ሪሞት መማር አብዛኞቹ አይችሉም፤ ስለዚህ ኮዱ አፑ ውስጥ ከሌለ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። አንዴ ለማዘጋጀት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ አያስፈልግም።

የኔ ምክር፦ ለሪሞት ብላችሁ ብቻ ስልክ አትቀይሩ። ነገር ግን በዋጋም በካሜራም ተቀራራቢ በሆኑ ሁለት ስልኮች መካከል እያመነታችሁ ከሆነና ቤታችሁ ዲሽ ካለ፣ ኢንፍራሬድ ያለውን ውሰዱ።

በዋይፋይ የሚሰራ አፕ

ለዚህ ቲቪው ስማርት መሆን አለበት፤ ስልኩና ቲቪውም አንድ ዋይፋይ ላይ መገናኘት አለባቸው። አፑን ከማንም አታውርዱ፣ ከቲቪው ሲስተም ባለቤት አውርዱ። ጎግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ ላላቸው (ሶኒ፣ ቲሲኤልና ሌሎችም) የጎግል ቲቪ አፕ፣ ለሳምሰንግ ስማርትቲንግስ፣ ለኤልጂ ቲንኪው አለ። ሁሉም በነፃ ነው፤ ለአይፎንም ይሰራል። የጎግሉን ስታገናኙ ቲቪው ስክሪን ላይ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይወጣል፤ ያንን ስልኩ ላይ መጻፍ ነው፣ አለቀ። ከፕሌይ ስቶር የሚገኙት «ለሁሉም ቲቪ» የሚሉ አፖች ብዙዎቹ የሚሰሩት ይህንኑ ሥራ ነው፤ ከላይ ግን ማስታወቂያና ወርሃዊ ክፍያ ይጨምሩበታል፣ ሪሞት የማያስፈልገውን የቦታና የስልክ ማውጫ ፈቃድም የሚጠይቁ አሉ።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም መጻፍ ነው። በሪሞት ቀስት እየዘለሉ አንድ የዘፋኝ ስም መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሰለች የሞከረ ያውቃል፤ በፊደላችን መጻፍ ደግሞ ብዙ ቲቪ ላይ ጭራሽ የለም። መፍትሔው ዩቲዩብን ስልኩ ላይ ከፍቶ በአማርኛ ኪቦርድ መፈለግና የካስት ምልክቷን ነክቶ ወደ ቲቪው መላክ ነው። ለዚህ የሪሞት አፕ እንኳን አያስፈልግም። እናቶች የሚወዱትን መዝሙር ወይም ድራማ ራሳቸው ፈልገው እንዲያዩ የሚያደርግ ከዚህ የቀለለ መንገድ አላገኘሁም።

ድክመቱ የሚታየው ማብራት ላይ ነው። ቲቪው ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ካጠፋ ስልኩ የሚያናግረው የለም። ብዙ አዳዲስ ቲቪዎች ሴቲንግ ውስጥ «በሞባይል አብራ» ወይም «በዋይፋይ አብራ» የሚል ምርጫ አላቸው፤ ሪሞቱ በደህና ሳለ ዛሬውኑ አብሩት። ያም ሆኖ ማታ ማታ ዲቫይደሩን የምታጠፉ ከሆነ፣ ወይም መብራት ሄዶ ከመጣ፣ ቲቪው በስልክ ላይነሳ ይችላል። ያኔ ቲቪው ከስር ወይም ከጀርባ ያለውን ቁልፍ በእጅ መጫን ነው።

«ኢንተርኔት ካለቀስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሪሞቱ የሚፈልገው የራውተሩን ዋይፋይ እንጂ ኢንተርኔቱን አይደለም፤ ስማርትቲንግስና ቲንኪው ግን አካውንት ስለሚጠይቁ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። የቤት ራውተር ከሌላችሁ ቲቪውን ከስልክ ሆትስፖት ጋር ማገናኘት ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ይሰራል። ፓኬጃችሁን ግን ተጠንቀቁ፤ ቲቪው በዚያው ሆትስፖት አፕዴት ማውረድ ሊጀምር ይችላል።

ሪሞቱ ጠፍቶ፣ ቲቪው ደግሞ ከዋይፋይ ጋር ጨርሶ ያልተገናኘ ከሆነስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሠራተኛ ይጠራል። መጀመሪያ የኮምፒውተር ማውስ ቲቪው ዩኤስቢ ላይ ሰኩ። አብዛኞቹ ስማርት ቲቪዎች ይቀበሉታል፤ ቀስት ስክሪኑ ላይ ትወጣለች፣ በሷ ሴቲንግ ገብታችሁ ዋይፋዩን ታገናኛላችሁ፣ ከዚያ ስልኩ ይረከባል።

የሚሰኩና የሚቀመጡ ትናንሽ ዕቃዎች

ኢንፍራሬድ ለሌለው ስልክ ቻርጀር መሰኪያው ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ትሸጣለች። ርካሽ ናት፣ ግን በየጊዜው መሰካት ያሰለቻል፣ በቀላሉ ትጠፋለች፣ የምትሰራውም ብዙ ጊዜ በራሷ አፕ ብቻ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚሰራውን ዓይነት አልመክርም፤ ጉልበቱ ደካማ ነው፣ ቀዳዳውም በአዳዲስ ስልኮች ላይ እየጠፋ ነው። እንደ ብሮድሊንክ ያሉ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጡ ሳጥኖች የተሻሉ ናቸው፦ ትእዛዙን ከስልክ በዋይፋይ ተቀብለው በኢንፍራሬድ ይልካሉ፣ ከአሮጌው ሪሞትም ኮድ ይማራሉ። ስለዚህ ስሙ የትም የማይገኝ ሪሲቨር ካላችሁና ሪሞቱ ገና በእጃችሁ ካለ ይህ ሳጥን ያዋጣል። ሪሞቱ ከጠፋ በኋላ ግን የሚማርበት ነገር የለውም።

ቲቪያችሁ ስማርት ባይሆንም ኤችዲኤምአይ ካለው፣ የጎግል ቲቪ ያለበት ስቲክ ወይም ትንሽ ቦክስ መግዛት ሌላ አማራጭ ነው። ስልኩ ስቲኩን ያዛል፣ ስቲኩ በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል ቲቪውን ያበራል፣ ያጠፋል። ይህ እንዲሰራ ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ኤችዲኤምአይ ሲኢሲ መብራት አለበት፤ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ ይለዋል።

መተኪያ ሪሞት

ስለ ስልክ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ በጣም የማምንበትን ልናገር፦ ከአንድ ሰው በላይ በሚኖርበት ቤት ስልክ ብቻውን ሪሞት መሆን የለበትም። ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ከቤት ይወጣል። አያትና ልጆች፣ ቤት የምትውለው ሠራተኛም፣ ቀኑን ሙሉ የጠዋቱን ቻናል ሲያዩ ይውላሉ። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ሪሞትን የሚያውቁት በጣታቸው ነው፤ ለስላሳ መስታወት ላይ የሚዳስሱት ነገር የለም። ደግሞም የቲቪውን ድምፅ በፍጥነት መቀነስ የምትፈልጉት ስልክ ሲደወል ነው፤ የሚጮኸው ስልክ ራሱ ሪሞቱ ከሆነ ከማንሳታችሁ በፊት አፕ ልትፈልጉ ነው።

መተኪያ ሪሞት ከሁሉም ርካሹ ምርጫ ነው፤ ለሪሲቨር ደግሞ ከስልክ ይልቅ የሚያስተማምነው እሱ ነው። ስትሄዱ አሮጌውን ሪሞት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጠፋ የቲቪውን ወይም የሪሲቨሩን ጀርባ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱ። የሪሲቨር ስም ብቻ መናገር አይበቃም፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሞዴሎች ሁለት የተለያየ ሪሞት ሊፈልጉ ይችላሉ። የስማርት ቲቪ ሪሞት ከሆነ ድምፅ የሚቀበል ነው ወይስ ተራ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልኩ አንድ ሆኖ ማይክራፎኑ የማይሰራ ቅጂ በብዛት አለ። ሪሲቨሩ ትንሽ ከሆነ ይዛችሁት ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ይሰካና ከሜኑ እስከ ቁጥር 0 ድረስ እያንዳንዱ ቁልፍ ይሞከር። ያ ካልተቻለ ካልሰራ እንደምትመልሱት ሳትስማሙ ገንዘቡን አትስጡ።