ቮልስ ያላችሁ፣ ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

መኪናችንን የሠራልንን መካኒክ ሳላመሰግነው ብቀር ይቆጨኛል። ስለዚህ ትንሽ ቢረዝምም ታገሱኝ።

የአባቴ ቮልስ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1969 ሞዴል ናት። እኛን ሁላችንንም ትምህርት ቤት ያመላለሰች እሷ ናት። አባቴ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ በድምጿ ይከታተለኛል።

ክረምቱ ሲገባ ሁለተኛ ማርሽ አልይዝ አለች። ይገባል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ "ቋ" ብሎ ራሱ ይወጣል። ሜዳ ላይ እንደምንም ቻልነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ግን ጉድ ነው። እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ማርሹ ያመልጣል፤ መኪናዋ በፍሬን ብቻ ትቀራለች። አባቴ ማርሹን በእጁ ጨብጦ፣ እኔ መሪውን ይዤ፣ ሁለታችንም እመብርሃንን እየጠራን ነበር የምንወርደው።

ያልሄድንበት ጋራዥ የለም። አንዱ ሳይነዳት፣ ኮፈኗን እንኳ ሳይከፍት "ካምቢዮው ሞቷል" አለ፤ የማርሽ ሳጥኗን ማለቱ ነው። ሌላው "እህቴ፣ አነዳድሽ ነው፤ ፍሪሲዮን በደንብ አትረግጪም" አለኝ። ስንት ዓመት የነዳሁትን መኪና! አንደኛው ጋራዥማ ካምቢዮውን አውርዶ ፈታታው። ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰን፣ የዕቃ እያለ ብር ተቀበለን፣ መልሶ ገጠመው። ገና ከግቢው ሳንወጣ "ቋ"። ክሪካችንም እዚያው ቀረ። ብንጠይቅ ያየው የለም። ደግሞ አንዱ "ሽጧትና ኤሌክትሪክ ግዙ" ብሎ መከረን። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና አይገባም ሲባል አባቴ ይበልጥ ሙጭጭ እንዳለባት ቢያውቅ ዝም ይል ነበር።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን አባቴን አንድም ሰው አለማናገሩ ነው። ከጎኔ ቆሞ እያለ እንደሌለ ያልፉታል።

አሁን ወደማመሰግነው ሰው ልምጣ። ቄራ አካባቢ የሚሠራ የቮልስ መካኒክ ነው። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት "ሲወጣብሽ ነዳጅ እየረገጥሽ ነው ወይስ ለቀሽ?" አለኝ። ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ "አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሚያውቋት። ከጎኔ ይቀመጡና ድምጿ ሲቀየር ይንገሩኝ" አለው። አብረው ሲወጡ የአባቴን ፊት ብታዩት!

ሲመለሱ የኋላውን ወንበር አነሳ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ክዳን አለች፤ ፈታት። እኔን ማርሹን ወዲህ ወዲያ አድርጊ አለኝ። የአባቴን እጅ ያዘና ጣቱን ቀዳዳዋ ውስጥ ካለው መገናኛ ላይ አሳረፈው። "ይሰማዎታል አባባ? ይወዛወዛል።" አባቴ "ተበልቷል!" ብሎ ጮኸ። ዓይኑ የማያየውን ሰው በጣቱ አሳየው። ይህን ስጽፍ አሁንም ሆዴ ይባባል።

እኔ እንደገባኝ ማርሹ ከፊት፣ ካምቢዮው ከኋላ ነው፤ በመሃል ረጅም ዘንግ አለ፤ ዘንጉ የሚገናኝበት ጎሚኒ አልቆ ነበር። ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ። "ከውስጥም ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የውጪውን እንጨርስ። ካምቢዮ መክፈት የመጨረሻ ነው" ነው ያለን። ጎሚኒውን ቀየረ፣ ከፊት በኩል ማርሹ ሥር የሆነ ነገር አስተካከለ፣ አለቀ።

ብር ላውጣ ስል እጄን መለሰው። "መጀመሪያ ከእንጦጦ ውረዱባት። ካመለጠ አልቀበልም።" ሄድን፣ ወረድን። አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለ ድሮው ሽሮ ሜዳ ሲያወራ ነበር። ተመልሰን ስንጠይቀው የነገረን ሒሳብ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ክረምቱ ወጥቶ ይኸው መስከረም ነው፤ ማርሹ ንቅንቅ አላለም።

እባካችሁ ቮልስ ያላችሁ ሁሉ እሱ ጋ ሂዱ። ካምቢዮ ይውረድ የተባላችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱለት፤ አንዴ ይያት። እጁ ይባረክ፣ ልጆቹን ያሳድግለት። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ መለጠፍ አልወደደም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ዓርብ ለጁምዓ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ በጠዋት ድረሱ።