ደብረ ብርሃን የጭነት መኪና ቀለምና ጽሑፍ፦ የቱን ማመን፣ የቱን ቆሞ ማሠራት

ደብረ ብርሃን ላይ አይሱዙ ማስቀባት ካሰባችሁ፣ የበር ጽሑፉን በሙሉ እምነት ስጡ፤ ርጭቱን ግን ቆማችሁ አሠሩ።

የከተማው ጸሐፊዎች እጅ ያኮራል። በጠመኔ አስምረው በዘይት ቀለምና በጠፍጣፋ ብሩሽ ይጽፋሉ። ጎበዙ የሚለየው በትንንሽ ፊደል ነው፦ «የመጫን አቅም» የሚለውን ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ የ«መ» ሁለት ዓይኖች ካልተደፈኑ ቀለሙ በልኩ ቀጥኗል ማለት ነው። ስቲከር ይረክሳል፣ ይፈጥናልም፤ ግን አዲስ ቀለም ላይ ቢያንስ ሳምንት ሳይቆይ ከተለጠፈ የቲነሩ (የቀለም ማቅጠኛው) ትነት ከሥሩ ታፍኖ ያሳብጠዋል።

የርጭቱ ችግር ብርዱ ነው። ጠዋት ላሜራው ከአየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛም ይይዛል። ናይትሮ የሚባለው፣ ቲነሩ ሲተን የሚደርቀው ቀለም በዚያ ሰዓት ከተረጨ ቲነሩ ሲተን ላሜራውን ይበልጥ ያቀዘቅዘውና እርጥበት ስቦ ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይደርቅም። ስለዚህ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይረጭ። ክረምት ከሆነ በተዘጋ ክፍል ካልሆነ አታስጀምሩ።

ስቱኮውን፣ ማለት የላሜራውን ጉድጓድ የሚሞላውን ልስን፣ በዓይናችሁ ተከታተሉ። ማጠንከሪያው ለ100 ግራም 2 ግራም ያህል ነው፤ በብርድ ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ሲያበዙት ውሎ አድሮ ነጭ ጋቢና ላይ ቢጫ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተለሰነም የመንገዱ ንዝረት ይሰነጥቀዋል። ዝገት ላይ ፈጽሞ አይደረግም፦ ላሜራው እስኪነጣ ይፋቅ፣ ኢፖክሲ (ዝገት የሚከላከለው ሥር ቀለም) ይቀባ፣ ከዚያ ስቱኮ። ብርጭቆ ወረቀቱ ከሻካራው ቁጥር 80 ተነሥቶ በ180 እና በ320 አልፎ፣ ቀለም ሊረጭ ሲል በውሃ 600 ይድረስ። የበሩን የታች ጠርዝና የፊት መስታወቱን ጎማ ሥር ሳታዩ አትረከቡ፤ ዝገቱ የሚደበቀው እዚያ ነው።

የፋብሪካውን ቀለም ለመመለስ በመኪናው የፋብሪካ መለያ ሳህን (ታርጋው ሳይሆን) ላይ ያለውን የቀለም ኮድ አስነብቡ። በፀሐይ የገረጣ በር አይቶ የሚቀየጥ ቀለም ከሌላው አካል ጋር አይገጥምም።

ለጣርማበር ተራራ መንገድ ጉም የሚለጠፈው አንጸባራቂ ስቲከር ከሁሉ ይበልጣል፦ ለጎን ነጭ ወይም ቢጫ፣ ለኋላ ቀይ፣ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር። ብዙዎቹ ጋራዦች ከዳር እስከ ዳር ሳይቆርጡ ይለጥፉታል፤ ስፖንዳው (የጭነቱ ጎን መዝጊያ) በተከፈተ ቁጥር መጋጠሚያው ላይ ይቀደዳል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ይቆረጥ፣ ከመለጠፉም በፊት አቧራውና ቅባቱ ይጠረግ።