ዙም የሌለው ሌንሴ፦ ከ20 ወር የአዝማሪ ቤት ማታዎች በኋላ

ይህን የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜ ማታ መብራት ስለሄደ ነው።

አንዲት ጠባብ አዝማሪ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ድርግም አለ። ድምፅ ማጉያው ዝም፣ ኪቦርዱ ዝም፣ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ። ማሲንቆው ግን አላቋረጠም። ከመብራቱ ጋር ምን አገናኝቶት ያቋርጣል? ጭራና ደጋን ነው። እንዲያውም ማጉያው ሲጠፋ ድምፁ ጠራ። ደጋኑ ጭራውን ሲነካ ያለው ሻካራ ድምፅ ሳይቀር ይሰማ ጀመር። አስተናጋጇ ሁለት ሻማ ይዛ መጣች። አንዱን ጠረጴዛው ላይ አቅልጣ አጣበቀችው፣ ሌላውን በቢራ ጠርሙስ አፍ ተከለችው።

ካሜራዬን አነሣሁ። ብዙም ተስፋ አልነበረኝም። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ እስከ ጥግ ከፈትኩት፣ 1.8፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። አይኤስኦ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 6400። ሸተር፣ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ። ትንፋሼን ያዝኩና ተጫንኩ።

ወጣ። የአዝማሪው ግማሽ ፊት በሻማው ቀልቷል፣ ግማሹ ጨለማው ውስጥ ቀርቷል። ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል። ከኋላው ያለው ግድግዳና ሰው ሁሉ ለስልሶ ጠፍቷል። ቀጥዬ ወደ እጁ ዞርኩ። ጭራውን የሚጫነው ጣቱ ጫፍ ላይ፣ የብዙ ዓመት ጨዋታ የሠራው ቀጭን መስመር አለ። እሱም ወጣ። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ሳየው እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌንሱን የገዛሁት በጥቅምት 2016 ነው። 50 ሚሊ ሜትር፣ ይህ ምን ያህል እንደሚያቀርብ የሚናገረው ቁጥር ነው፤ ኤፍ 1.8፣ ይህ አፐርቸሩ እስከ የት እንደሚከፈት። የፎቶ ሰዎች "ፊፍቲ" የምንለው። ብዙዎቹ ካሜራ አምራቾች የየራሳቸው አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከሌንሶቻቸው ሁሉ ከርካሾቹ ተርታ የሚሰለፍ ነው። የኔው ያገለገለ ነው፤ በ11 ሺህ ብር ነው የወሰድኩት። ክብደቱ 160 ግራም ገደማ ነው። ጃኬት ኪስ ውስጥ ሲገባ አይታወቅም።

ሻጩ ሊሸጥልኝ አልፈለገም ነበር።

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው። ዙም የለውም። ምን ልታደርግበት ነው?" አለኝ። ሙዚቀኞችን ማታ ማታ ላነሣበት ነው አልኩት። ያኔማ ጭራሽ ወደ ኋላ ዞሮ አንድ ረጅም ዙም አወረደ። ከሠርግ እስከ ኮንሰርት ይበቃሃል አለኝ። ዋጋው የፊፍቲውን ሦስት እጥፍ ነበር። ጨለማ ውስጥስ ስለው መልሱ ዝግጁ ነበር። "ፍላሽ ትጨምርበታለህ።"

ይህን ሰው እስከ ዛሬ በልቤ እከራከረዋለሁ። ሥራ እየሠራሁ እከራከረዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ እከራከረዋለሁ። ምክንያቱም ፍላሽ ይዤ እዚያች ቤት ገብቼ አውቃለሁ።

ፊፍቲውን ከመግዛቴ አንድ ወር በፊት ነው። በካሜራው የመጣውን ኪት ሌንስና አንድ ፍላሽ ይዤ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አዝማሪው ሲዘፍን ቦግ፣ ደንበኛ ሲሸልመው ቦግ፣ ተወዛዋዧ ስትወርድ ቦግ። አዝማሪ ደግሞ የቤቱን ሰው አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ አይደለም። ማሲንቆውን ገፋ ገፋ አደረገና ወደኔ ዞረ፦

"ደመና ሳይመጣ ዝናብ ሳይጥልበት፣
ይህ ልጅ በቤታችን መብረቅ ጣለበት።"

ቤቱ ተንጫጫ። ከጥግ አንዱ "ተቀበል!" አለና ሌላ ስንኝ ጨመረለት። እኔ ግን ከጫጫታውና ከሳቁ በላይ ያሳሰበኝ እውነቱ ነው። ሰውዬው ትክክል ነበር። ሰው ወደዚያች ቤት የሚሄደው ጨለማውን ፈልጎ ነው። ከሥራ መልስ ሐሳቡን አውርዶ፣ ጠጁን ወይ ቢራውን ይዞ፣ ፊቱ ሳይታይበት ሊያለቅስም ሊስቅም ነው። እኔ በየአሥር ሰከንዱ አበራሁበት። ፎቶዎቹም ቢሆኑ አይረቡም። ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ የአዝማሪው ጥላ በጥቁሩ ተለጥፏል። ፊቱ የመታወቂያ ፎቶ መስሏል። የቤቱ ቀይ መብራት፣ ሙቀቱ፣ ጭሱ የለም። ፍላሽ ብርሃን ጨመረልኝ፣ ማታውን ግን ወሰደብኝ።

ስለዚህ ለዚያ ሻጭ የምለው ይህን ነው። ኪት ሌንሴ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚሳብ ነው። እስከ 55 ስስበው አፐርቸሩ ከ5.6 በላይ አይከፈትልኝም። አንተ ያወረድከው ዙምም ሲሳብ እንደዚያው ነው። 5.6ን ለ1.8 አካፍለው፤ 3.1 ገደማ ይመጣል። የቀዳዳው ስፋት ስለሆነ ያንን በራሱ አባዛው፤ 10 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ፊፍቲው የሚያስገባው ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ነው ማለት ነው። ኪት ሌንሱ 1/25 ሰከንድ በሚፈልግበት ጨለማ ፊፍቲው በ1/250 ያነሣል። በ1/25 የእስክስታ ትከሻ ጭስ ነው። በ1/250 ትከሻ ነው። ባለሙያዎቹ የሚይዙት ያ ትልቁ 70-200 ኤፍ 2.8 ዙም እንኳ የፊፍቲውን ግማሽ ብርሃን አያስገባም። ክብደቱ ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። እሱን ይዘህ ጠባብ አዝማሪ ቤት ግባና የማንን ጭንቅላት እንደምትመታ እናያለን። አዎ፣ ፕላስቲክ ነው። 20 ወር ሙሉ በኪሴ ተሸክሜዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ቢራ ፈስሶበታል፣ ዛሬም ይሠራል።

ዙም የለውም ላልከው፣ እግር አለኝ። ለመቅረብ ስል ከሙዚቀኞቹ ጋር መተዋወቅ ነበረብኝ። ይህን ዙም አያስገኝም።

በእርግጥ ቶሎ አልተዋወቅንም፣ እኔና ሌንሱ። የመጀመሪያው ወር ፎቶዎቼ ግማሾቹ ተበላሽተዋል። በ1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ በጣም ቀጭን ነው። ሁለት ሜትር ላይ ሆነህ ዓይኑን ከያዝክ ጆሮው ለስልሷል፣ ማሲንቆውን ከያዝክ ፊቱ ጠፍቷል። ካሜራውን ደግሞ ጥርት የሚያደርገውን ራሱ ይምረጥ ብለህ ከተውከው ማይኩን ይይዛል። ሁልጊዜ ማይኩን። አሁን የመሃሉን አንድ የፎከስ ነጥብ ብቻ ነው የምጠቀመው፤ ለኔ ቅርብ በሆነው ዓይን ላይ አደርግና እጠብቃለሁ። ጨለማው ሲብስ ሌንሱ ፎከስ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ይህ ያናድዳል። መፍትሔው ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበት ጠርዝ መፈለግ ነው። የሸሚዝ ኮሌታ፣ የአፍንጫ መስመር፣ ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር። የሽልማቱ ብር ብዙ ማታ አድኖኛል።

ሁለተኛው ነገር የካሜራው የብርሃን መለኪያ ነው። ካሜራ ሰፊ ጥቁር ግድግዳ ሲያይ ቤቱ ጨለመ ብሎ ያበራዋል። የዘፋኙ ፊት ተቃጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉን በማንዋል፣ ማለትም ቁጥሮቹን ራሴ መርጬ፣ ነው የማነሣው። ፊቱ በደንብ የሚታይበትን አንዴ አገኝና ማታውን ሙሉ እዚያው እቆያለሁ፤ ግድግዳው እንደፈለገ ይጥቆር።

ቀይ መብራት ግን እስከ ዛሬ አላሸነፍኩትም። አዳዲሶቹ የኤልኢዲ መብራቶች ቀይ ሲሆኑ ንጹሕ ቀይ ናቸው፤ ሌላ ቀለም የለባቸውም። ፊት ላይ ሲያርፉ ዝርዝሩን ሁሉ ይበላሉ። በስክሪኑ የምታየው ጠቅላላ የብርሃን መጠን ግራፍ ደህና ነው ይልሃል፣ የቀዩ ብቻ ሞልቶ ፈስሷል። የሦስቱን ቀለም ግራፍ ለየብቻ ማየት የለመድኩት ስንት ፎቶ ካጠፋሁ በኋላ ነው። አሁን ቀይ ሲሆን ትንሽ አጨልማለሁ፣ በራው፣ ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ አነሣለሁ፣ ካልሆነም ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ። እነዚሁ መብራቶች አንዳንዴ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይጥላሉ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙዎቹ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሸተሩን 1/100 ላይ ሳደርገው አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ግን መጠበቅ ነው። ደጋን ወዲያ ሄዶ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ይቆማል። ትከሻም ወደ ላይ ሄዶ ሊወርድ ሲል እንደዚያው ነው። ያቺን ቅጽበት ካወቅካት 1/125 ይበቃሃል። ዘፋኝም ስንኙን ጨርሶ ከማይኩ ራቅ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ፊቱ ሙሉውን የሚታየው ያኔ ነው። ይህን ለማወቅ ዘፈኑን መስማት ያስፈልጋል። ፍላሽ በያዝኩበት ዘመን ዘፈን አልሰማም ነበር።

አሁን ወደ ፈንዲቃ ልምጣ፤ ሌንሱን ሳወድሰው ልቤ የሚሄደው ወደዚያ ነውና።

የካዛንቺሱን አዝማሪ ቤት፣ ፈንዲቃን፣ የማያውቅ የለም። ለሽልማት ብር እስክስታ ሲወርድበት፣ ሲያድርበትም የኖረው መላኩ በላይ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው። አንድ ማታ ማሲንቆና ክራር፣ ሌላ ማታ ሳክስፎን። ፊፍቲውን እንደገዛሁ አዘውትሬ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ፣ በኋላ መሬት ላይ፣ ከበሮው እግር ሥር። ከበሮ ሲመታ ወለሉ በአጥንትህ ይገባል። ብዙ አነሣሁ። ለማንም አላሳየሁም፤ ገና እሻሻላለሁ፣ ገና ጊዜ አለ እያልኩ።

ጊዜ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር ሲፈርስ ፈንዲቃም ከነበረበት ተነሣ። በዚያ ሰሞን ፋይሎቼን ከፍቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። የግድግዳው ጌጥ፣ በሰው ትከሻ መሃል የምትታይ የተወዛዋዥ አንገት፣ ክራሩን ሲቃኝ ጆሮውን ዘንበል ያደረገ ልጅ። ያ ቤት በነበረው ብርሃን፣ ምንም ሳይጨመርበት። በኪት ሌንስና በፍላሽ ባነሣቸው ኖሮ ሰዎቹ ይኖሩ ነበር፣ ቤቱ ግን አይኖርም ነበር። ሻጩን ሰምቼ ዙሙን ገዝቼ ቢሆን ብዬ ሳስብ ሆዴ ባር ባር ይላል።

ጉድለት የለውም አልልም። የኔ ካሜራ ክሮፕ ሴንሰር፣ ማለትም ምስል የሚቀበለው ክፍሉ ትንሽ፣ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ይሆናል። ጠባብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ይይዝልሃል፣ የሙዚቃ ባንዱን ሙሉ ግን አይሞከርም፤ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ አፈግፍጌም ኪቦርዲስቱ ይቆረጣል። 35 ሚሊ ሜትር ለመግዛት ብር እያጠራቀምኩ ነው። እሱም ዙም አይኖረውም። ቀን ቀን ስለሚሠራው ሥራ የምለው ብዙ የለኝም፤ ልደትም ምርቃትም አንሥቼበታለሁ፣ ደህና ነው።

ካሜራውን ሽጥ ብትሉኝ እሸጣለሁ። አርጅቷልም። ፊፍቲውን አልሸጥም።

ቅዳሜ ማታ መብራቱ ሲመለስ አዝማሪው ማሲንቆውን አስቀምጦ ወደኔ መጣ። ያ መብረቅ ያለኝ ሰው ነው። አሁን ጋሼ ነው የምለው። አጠገቤ ተቀመጠና፣ "ልጄ፣ በጨለማው ስታነሣኝ ነበር እንዴ? አላየሁህም እኮ" አለኝ። ስክሪኑን አሳየሁት። ፊቱን አየት አድርጎ አለፈው። ጣቶቹ ላይ ሲደርስ ካሜራውን ከእጄ ወስዶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ብዙ ቆየ።

"ይሄን አትምልኝ" አለ። ነገ ከሥራ መልስ ማተሚያ ቤት እገባለሁ።