የዳግላስን ቤት ልጅ ይዛችሁ እዩት

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ኡበር መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አናኮስቲያ የሚባለው ሰፈር፣ ደብሊው ስትሪት ላይ ስንቱን ቱሪስት አውርጃለሁ። «መልካም ጉብኝት» ብዬ እሄዳለሁ። ኮረብታው አናት ላይ ያለው ቤት ከባርነት አምልጦ ባርነትን በንግግሩ የታገለው የጥቁር አሜሪካዊው የፍሬድሪክ ዳግላስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሙዚየም መሆኑንም አውቃለሁ። ሙዚየም ደግሞ እውነቱን ለመናገር እንቅልፌን ነው የሚያመጣው። ያንን ደረጃ የወጣሁት አምና ነው፤ እሱም የአራተኛ ክፍሏ ልጄ ጎትታኝ።

ነገሩ የጀመረው ከትምህርት ቤት ይዛ በመጣችው ወረቀት ነው። የዳግላስ ቤት በየዓመቱ የተማሪዎች የንግግር ውድድር አለው። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ከሰውዬው ንግግሮች አንድ ክፍል መርጦ፣ ወረቀት ሳይዝ፣ በቃሉ ሰው ፊት ቆሞ ያቀርባል። ምንም አይከፈልም። «አባዬ፣ ልሞክር?» አለችኝ። እኔ «በቃል» የምትለዋን ቃል ስሰማ ነቃሁ። ይሄማ የኔ ሙያ ነው!

ጎጃም ነው ያደግኩት። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። ውዳሴ ማርያምን ያጠና ሰው ያውቀዋል፤ የሰኞውን አጥርተህ ካላልክ የማክሰኞው አይሰጥህም። እኔም የልጄን ንግግር እንደዚያው ለሰባት ቀን ከፋፈልኩት። የሰኞ፣ የማክሰኞ፣ የረቡዕ እያልን። በልምጩ ፈንታ አይስክሬም አደረግን።

የመረጠችው ዳግላስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1852 ሮቼስተር ላይ ካደረገው ንግግር ነው። የነፃነት በዓላቸው ማግስት፣ «የእናንተ ጁላይ አራት ለባሪያው ምኑ ነው?» ብሎ ፊት ለፊት የጠየቀበት። ማታ ማታ ማድ ቤት ውስጥ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሷ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ትለዋለች። ስትረሳ አስታውሳታለሁ። አስታውሳት ስል እንግሊዝኛዬን ታርመኛለች። «አባዬ፣ እንደሱ አይባልም።» አንዷን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመችኝና በመጨረሻ «እሺ በቃ፣ አንተ ዝም ብለህ ወረቀቱን ያዝ» አለችኝ። የኔታ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

ውድድሩ የተካሄደው ከኮረብታው ሥር ባለው የጎብኚዎች ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ነው። ትልቅ አዳራሽ አይደለም፤ የተናጋሪው ትንፋሽ ይሰማል። ከሁሉም ያልረሳሁት አንድ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ክራቫቱ ቀበቶውን አልፎ ወርዷል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቃሉ ጠፋው። ጣሪያውን አየ። ቀኝ እጁ ብቻ ጭኑን መታ መታ ያደርጋል፤ ከበሮ እንደሚመታ ሰው። አዳራሹ ፀጥ አለ። የሳለ የለም፣ ከኋላ ሹክ ያለ የለም። እኔ በሆዴ «እመቤቴ፣ አውጪው» እያልኩ ነው። ብዙ ቆየ። ከዚያ እጁ ቆመ፣ ቃሉም መጣ፤ ካቆመበት ሳይሆን ከአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ጀመረና እስከ መጨረሻው ወረደው። ጭብጨባው ግድግዳውን ነቀነቀው።

የኔዋ የረቡዕን ዘለለች። ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ከእኔ በቀር ያወቀ ያለ አይመስለኝም። አላሸነፈችም። መኪና ውስጥ ገብታ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ርቦኛል አለች።

እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ዳግላስ ራሱ ንግግር የተማረው በዚህ መንገድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ነው የተወለደው። ባልቲሞር በልጅነቱ የአሳዳሪው ሚስት ፊደል ጀመረችለት፤ ባልየው ሰምቶ አስቆማት። ልጁ ግን አልተወም። መንገድ ላይ ለሚያገኛቸው ድሃ ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ንባብ ይቀበላቸው ነበር። 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ባጠራቀማት 50 ሳንቲም የታላላቅ ንግግሮች መድብል ገዛና እሱን ደጋግሞ አነበነበ። በ1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ በባቡር አመለጠ። ከዚያ በኋላ አሜሪካን ያንቀጠቀጣት በአፉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ልጆች በቃላቸው ሲናገሩ መስማትና ወንበሩን በገመድ አጥሮ ማሳየት ለየቅል ነው።

ወደ ቤቱ እንምጣ። ለጉብኝት የተመለስነው ጎንደር ያሉት አማቴ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ቲኬት እኔ አቃጠልኩት። አንድ መንገደኛ አድርሼ እመጣለሁ ብዬ ቤተሰቡን አስጠበቅኩ፤ ስንደርስ ቡድናችን ገብቷል። ባለቤቴ ያን ቀን አላናገረችኝም። እንግዲህ ዕወቁት፦ ቤቱ ውስጥ የሚገባው በሰዓት በተያዘ ቲኬት፣ ከሬንጀር፣ ማለትም ቦታውን ከሚጠብቀውና ከሚያስጎበኘው የመንግሥት ሠራተኛ ጋር ብቻ ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ በኢንተርኔት አስቀድሞ ለማስያዝ ለአንድ ሰው አንድ ዶላር ይከፈላል። አንድ ዶላር! ዲሲ ውስጥ በአንድ ዶላር ምን ይገኛል?

በሁለተኛው ጉዞ ደረጃው ላይ ትግል ነበር። ልጄ ቆጥራ 85 ነው አለች። አማቴ ሠላሳኛው ላይ ቆመው ወደ ላይ አዩና «አንተ ልጅ፣ ገዳም ነው እንዴ የምታስወጣኝ?» አሉኝ። ደረጃ ለማይችል ሰው ሌላ መወጣጫ አለ፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት። አናቱ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው ከተማውን አዩ። የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ፣ የካፒቶሉ ጉልላት ከወንዙ ማዶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ይሁን» አሉ።

ዳግላስ ይህን ቤት በ1877 በ6,700 ዶላር ገዛው። ሰፈሩ በ1854 ሲመሠረት ለነጭ ብቻ እንዲሸጥ የታሰበ ነበር። ከባርነት ያመለጠው ሰው ከነሱ ሁሉ በላይ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት የዲሲ ማርሻል፣ ማለትም የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ ሹም ሆኖ ተሹሟል።

ዕቃው አብዛኛው የራሱ ነው። እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ቫዮሊን አለ፤ ይጫወት ነበር። መኝታ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ክንድ ማፈርጠሚያ ብረቶች አሉ። እኔ ከሁሉም እነሱ ናቸው የያዙኝ። ያ ነጭ ፀጉሩን እንደ አንበሳ ጎፈር የለቀቀ ሽማግሌ ጠዋት ተነስቶ ብረት ያነሳ ነበር ማለት ነው። የኔ ጂም አባልነት ስድስት ወር ሙሉ ሳልረግጠው ነው የተቃጠለው።

ማድ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው ክፍል ጋ አማቴ አልነቃነቅ አሉ። ምድጃውን፣ ዕቃውን አንድ በአንድ አዩ። «ይሄን ሁሉ የሚያጥበው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩት። ሬንጀሯ ጥያቄውን ወደደችው። ቆም ብላ ስለ ቤቱ ሴቶች አወራችን። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ስሙን የማልጠራው ሌላ ሙዚየም ወስደናቸው ነበር፤ አስጎብኚው የሸመደደውን እያዘነበ፣ ሲጠየቅ ሰዓቱን እያየ፣ በሃያ ደቂቃ አስወጣን። እዚህ ጥያቄ ስትጠይቅ እንግዳ ነህ።

ያን ዕለት አማቴን ያስቀመጣቸው የውርሱ ታሪክ ነው። ዳግላስ በ1895 እዚሁ ቤት፣ መግቢያው ኮሪደር ላይ ነው ወድቆ የሞተው፤ ከሴቶች መብት ስብሰባ በተመለሰበት ቀን። ቤቱን ለሁለተኛ ሚስቱ ለሄለን ተናዞ ነበር፤ ግን ኑዛዜው ላይ የምስክር ቁጥር ጎደለና ቤቱን በሚመለከተው በኩል ፈረሰ። ሄለን ተበድራ የልጆቹን ድርሻ ገዛች፤ ቤቱ መታሰቢያ እንዲሆን። አማቴ «የውርስ ጣጣ እዚህም አለ?» አሉ፤ ትንሽ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ሄለን ከሞተች በኋላ ዕዳው ቤቱን ሊበላው ሲል የጥቁር ሴቶች ማኅበራት ከየአሜሪካ ግዛቱ አዋጥተው ከፈሉት። ይህን ስተረጉም «ዕድር ነዋ!» አሉ ጮክ ብለው። ሬንጀሯ ምን አሉ አለችኝ። ዕድርን በእንግሊዝኛ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ ያን ጊዜ አየሁ። ቢሆንም ሞከርኩ፤ ሦስት አሜሪካውያን አሮጊቶች ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ።

የእናቱንም ነገር ነገርኳቸው። እናቱ ሌላ እርሻ ላይ ነበር የምትሠራው። ቀን ስትለፋ ውላ ማታ 12 ማይል፣ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ በእግሯ ትመጣለች፤ ልጇን አቅፋ ታስተኛውና ሳይነጋ ትመለሳለች። ልጅ ሳለ ሞተችበት። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ምንም አላሉም።

ከቤቱ ጀርባ አንዲት የድንጋይ ጎጆ አለች፤ መስኮት የላትም። ዳግላስ ብቻውን ሊያነብና ሊጽፍ የሚደበቅባት ነበረች። ያሁኗ እንደገና የተሠራች ናት። ስሟን ወደ አማርኛ ብመልሰው «ማጉረምረሚያ» ነው የሚሆነው። ባለቤቴ አየት አደረገችኝና «ላንተም አንድ ያስፈልግሃል» አለችኝ። ከቲኬቱ በኋላ ያናገረችኝ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር።

ለልጆች ጁኒየር ሬንጀር የሚሉት ነገር አላቸው። ልጁ ደብተር ይሰጠዋል፣ ቤቱንና ግቢውን እየዞረ ጥያቄ ይመልሳል፣ ሲጨርስ ቀኝ እጁን አንስቶ ቃል ይገባና ባጅ ይቀበላል። ልጄ እጇን ስታነሳ አማቴ ደነገጡ። «ምን ሆነው ነው ልጅ የሚያስምሉት?» አሉ። መሐላ እንዳልሆነ፣ ቅርስ እጠብቃለሁ የሚል ቃል እንደሆነ ለማስረዳት ደቂቃ ፈጀብኝ። ባጁ እስከ ዛሬ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ላይ ነው።

ሌላው መያዝ ያለበት ቀን የልደት በዓሉ ነው፤ ፌብሩዋሪ ውስጥ ይከበራል። ዳግላስ የተወለደበትን ቀን አያውቅም፤ ባሪያ ልደት አይመዘገብለትም ነበር። ፌብሩዋሪ 14ን የመረጠው እናቱ «ቫለንታይኔ» እያለች ትጠራው ስለነበር ነው። እዚያም ንግግር ይቀርባል፤ ሕዝቡ በነፃ ይገባል።

ቅር ያለኝ ነገር ካለ ጊዜው ነው። ጉብኝቱ አጭር ነው፤ ክፍሎቹን ከገመድ ውጭ ሆነህ ነው የምታየው። እንደ እኔ አንድ ዕቃ ላይ ፈዝዞ መቆም የሚወድ ሰው ሳይጠግብ ይወጣል። እሱ ግን ለቤቱ ደኅንነት ነው፤ ይገባኛል። ቤቱን ብቻ ከሆነ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ከነውድድሩ፣ ከነልጆቹ ፕሮግራም ከሆነ አምስት ይገባዋል። ስለዚህ ልጅ ባይወዳደርላችሁም ውድድሩን ለመስማት ሂዱ። ከዚያ ደግሞ ወንዙን ተሻግራችሁ ዩ ስትሪት ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉላችሁ። እኛ ያን ያለቀሰች ቀን ክትፎ ነው ያበላናት።

በሜትሮ ለሚመጣ በግሪን ላይን አናኮስቲያ ጣቢያ ነው የሚወረደው፤ ቀሪውን አውቶቡስ አለ። በመኪና ለሚመጣ ግቢው የራሱ ማቆሚያ አለው። በጋ ከሆነ ውኃ ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊት ታች ያለውን አጭር ፊልም እዩት፤ ልጆች ቤቱ ውስጥ የሚያዩት ዕቃ የማን እንደሆነ ገብቷቸው ይገባሉ።

አማቴ ጎንደር ከተመለሱ በኋላ እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። ባለፈው «ያ የዕድሩ ሰውዬ ንግግርስ?» አሉ። ልጄ ስልኩን ተቀብላ በእንግሊዝኛ አወረደችው። አንድ ቃል እንዳልገባቸው አውቃለሁ። «እሰይ፣ እደጊ! በይ ድገሚልኝ» አሏት። ደገመችው። የረቡዕን አልዘለለችም።